ከሥጋው መውጣት የተማረው ተኳሽ

ተኳሽ ስንለው ጠመንጃ የያዘ ሰው እንዳይመስላችሁ። የልብስ ተኳሽ ነው። ጠመንጃማ ቢያይ ከሁላችን ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነው፤ በር ጓ ብሎ ሲዘጋ እንኳ ካውያውን አቁሞ ደረቱን ይይዛል። በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ሰማይ በማይታይበት ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእንግዶችን ሸሚዝና ሱሪ ሲተኩስ ኖሯል። እኔ እዚያው ሰፊ ነኝ፤ የተቀደደ አንሶላ እጠግናለሁ፣ የተበጠሰ ቁልፍ እተክላለሁ። የስፌት መኪናዬና የእሱ መተኮሻ ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ቢራራቁ ነው። ስለዚህ የደረሰበትን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ማወቅ ብቻም አይደለም፣ እጄ አለበት።

ዝምተኛ ሰው ነበር። «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ይገባል፣ «ደህና እደሩ» ብሎ ይወጣል፤ በመሃል የሚናገርለት ካውያው ነው። አላገባም፣ አልወለደም። የተከራያትን ክፍል አንዴ ታሞ ልንጠይቀው ስንሄድ አይቻታለሁ፤ መጋረጃው ሳይቀር ተተኩሷል፣ የአልጋ ልብሱ ጠርዝ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በዓለም ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እናቱና ታላቅ እህቱ። ሁለቱም የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው፣ ጎህ ሲቀድ የተነሳ አውቶቡስ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሚደርስበት። በዓመት አንዴ የእረፍት ተራው ሲደርስ ሄዶ ሳምንት ሰንብቶ ይመለሳል። በመሃል እንዳይደውል የእናቱ ጆሮ ደክሟል። ፊት ለፊት ተቀምጠው የሰውን አፍ ካላዩ፣ ወይ ጆሯቸው ሥር ካልተጮኸ አይሰሙም። በስልክ «እማዬ» ሲላቸው «ማነው? ማነው?» ብለው ስልኩን ለሴት ልጃቸው ይመልሳሉ። ይሄ ነገር ያንገበግበው ነበር።

እዚያ ምድር ቤት ከእኛ ጋር የሚሠራው ሌላው ሰው ማሽነኛው ነው። ትልልቆቹን የማጠቢያ ማሽኖች የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ መልከ መልካም፣ ምላሱ ግን በረኪና፤ የነካውን ሁሉ ቀለም ያስለቅቃል። ባሌ ከገዛ አክስቴ ልጅ ጋር ጥሎኝ የሄደ ሰሞን «ቅዳጅ» የሚል ስም አወጣልኝ። «ቅዳጅ፣ እንግዲህ አንቺን ማን ይጥፍሽ?» ይለኛል፣ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ተስቆበት የማያውቅ ሰው ይሄ አይገባውም፤ ሳቁ ወደ ሌላ ሰው የዞረ ዕለት፣ ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እፎይ ነው የምትሉት።

የዞረው እንዲህ ነው። አንድ የሙቀት ቀን የአየር ማስወጫው ማራገቢያ ተቃጠለ። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ክፍሉ የተከደነ ድስት ሆነ። ተኳሽ ካውያውን እንደያዘ ዓይኑ ተገለበጠና እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ዱብ አለ። ውሃ ረጭተን ስናነቃው በመጀመሪያ የተናገረው፣ «ከላይ ሆኜ አየኋችሁ» ብሎ ነው።

«ከየት ላይ?» አለው ማሽነኛው።

«ከቧንቧው አጠገብ፣ ጣራው ጋ። አንተ እግሬን ይዘህ ነበር፤ እሷ መርፌ በአፏ ይዛለች። እኔ ወለሉ ላይ ተዘርሬያለሁ። ስማ፣ አናቴ ላይ ቁልፍ የምታህል መላጣ አለችኝ እንዴ?»

ነበረችው። ነግሮት የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም፣ በመስታወትም የምትታይ አይደለችም። እኔ መርፌ በአፌ እንደምይዝ አገር ያውቃል፤ ለዚያች መላጣ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም።

ማሽነኛው መልስ አላስፈለገውም። «ነፍስህ ወጥታ ነበራ!» አለው። «ይሄማ ትምህርት አለው። ተምረውት በፈለጉት ሰዓት የሚወጡ ሰዎች አሉ።» በማግስቱ ስልኩ ላይ ሲፈልግ ቆይቶ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው የድምፅ ትምህርት አገኘና ጫነለት። አስተማሪው ድምፁ የለሰለሰ፣ ስሙን የማይናገር ሰውዬ ነው። ማሽነኛው ስልኩን ሲመልስለት ወደ እኔ ዘወር ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳያዋርደኝ ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ተኳሽ ግን የምሩን ነው የያዘው። ሸሚዝ ሲተኩስ ከኮሌታው ጀምሮ፣ ወደ ትከሻው፣ ወደ እጅጌው፣ አንዲት ጭምድድ ሳያስቀር እንደሚወርደው ሁሉ ትምህርቱንም እንደዚያው ወረደበት። ደብተር ገዛ። ምሳ ሰዓት ሲሆን ንጹሕ ፎጣ የሚከመርበት ጥግ ሄዶ ይጋደማል፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይከፍታል። እኛም እየበላን እንሰማለን፤ ዛሬም በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። በጀርባህ ተኛ። እጅህ ጭንህን አይንካው። ከእግርህ ጣት ጀምረህ አካልህን አንድ በአንድ ፍታው፣ ጣትህን፣ ቁርጭምጭሚትህን፣ ጉልበትህን፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ። ሥጋህ ይተኛ፣ አንተ አትተኛ። እንዳትተኛ አንድ ክንድህን ከክርንህ ወደ ላይ አቁመው፤ እንቅልፍ ሲወስድህ ይወድቅና ይቀሰቅስሃል። ጆሮህ ውስጥ ንብ ሲያንዣብብ፣ ሰውነትህን ሲነዝርህ አትደንግጥ፤ ከደነገጥክ ትመለሳለህ። ከጣራው ገመድ ተንጠልጥሎልሃል በል፤ በማይታየው እጅህ ይዘህ ውጣ፣ የሥጋ እጅህ ግን ንቅንቅ አይበል። እምቢ ካለህ አልጋ ላይ እንደሚገላበጥ ሰው ወደ ጎን ተንከባለል። ስትመለስ ሳትነቃነቅ ያየኸውን አስታውስ፣ ከዚያ ጻፈው።

ሦስት ወር ታገለ። ክንዱን አቁሞ ይጋደማል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ማንኮራፋት፤ ከዚያ ክንዱ አፍንጫው ላይ ዱብ። አንድ ቀን ማሽነኛው የቆመችውን መዳፍ በቀስታ የሳሙና አረፋ ሞላት። ክንዱ ሲወድቅ አረፋው ዓይኑ ውስጥ ገባ። የጎረስነው ከአፋችን እስኪረጭ ሳቅን። ተኳሽ ዓይኑን እየጠራረገ አብሮን ሳቀ። ሰው ሲስቅብህ አብረህ ካልሳቅህ እንደሚብስብህ ከእኔ ተምሮት ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ሲያየኝ ኖሯላ።

ሰውዬው በትምህርቱ እንቅልፍ የሚሳሳው ሊነጋ ሲል ነው ስላለ፣ ተኳሽ በየቀኑ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መልሶ ይተኛ ጀመር። ዓይኑ ደም ለበሰ። አንድ ቀን ቆሞ ሲያንጎላጅ የእንግዳ ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠለ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። አለቃችን ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ለሁላችንም አሳየንና፣ ከዛሬ ጀምሮ ካውያ እንዳይነካ፣ ፎጣ እንዲያጥፍ ፈረደበት። ፎጣ አይተኮስም። ተኳሽን ፎጣ አጣፊ ማድረግ ሹፌሩን አውርዶ ጎማ እንደማሳጠብ ነው።

ያን ቀን ወደ መውጫ ላይ፣ «ልተወው መሰለኝ» አለኝ። «ለእማዬ ብዬ ነበር። መንገዱ ሳይበግረኝ በየጊዜው ባያት ብዬ። ግን የታደልኩ አይደለሁም።»

ይሄንን ለማሽነኛው ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ ወሬ ይዤለት ስሄድ ፊቱ ስለሚፈታልኝ ይሆናል። «እንዴት ይተዋል?» አለ። «እኛ ምሳ በምን ልንበላ ነው?»

በማግስቱ ተኳሽን ጠራው። «ስማኝ ጋሼ፣ ምናልባት እየወጣህ ይሆናል፣ አንተ ነህ የማታውቀው። እስኪ እንፈትነው። እዚያ ረጅሙ ቁም ሳጥን ላይ ጠዋት አንድ ነገር አስቀምጫለሁ። ከታች አይታይም። ተጋደምና አይተህ ንገረኝ።»

ምንም አላስቀመጠም። «ለዚህ ብዬ ደግሞ ቁም ሳጥን ልወጣ ነው?» ብሎ።

ተኳሽ ተጋደመ። የምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ክንዱ አልወደቀም። ሲነሳ ግንባሩ በላብ ርሷል። «እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። «ሰማያዊ ነገር ነው። ክብ። ጠፍጣፋ።»

ማሽነኛው ሳቁን ሊለቀው አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ነው እኔ የተነሳሁት። የሳሙናው ባልዲ ክዳን ሰማያዊ ነው፣ ክብ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፤ ክር ላስቀምጥበት መኪናዬ ሥር አድርጌው ነበር። ሽርጤ ውስጥ ወሸቅሁት፣ በርጩማ ላይ ወጣሁ፣ እጄን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰድጄ ስዳብስ ቆየሁና ከዚያ ያነሳሁት አስመስዬ ይዤው ወረድኩ።

«ክዳን!» አልኩ።

ማሽነኛው አየኝ፣ ገባው፣ ማጨብጨብ ጀመረ። ሁሉም አጨበጨበ። ተኳሽ ክዳኑን ከእጄ ተቀብሎ ግራና ቀኝ አገላበጠው። እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ የገዛ ሠርጌ ላይም አላየሁም። ማሽነኛውም ከዚያ ቀን ወዲህ «ቅዳጅ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። በሳምንት ሁለት ቀን እንፈትነዋለን። «ቀይ» ካለ ቀይ ነገር እንፈልጋለን፣ «ረጅም» ካለ መጥረጊያ እናወርዳለን። አንዳንዴ ማሽነኛው ሆን ብሎ «ዛሬስ ስተሃል» ይለዋል፤ «ሁሌ ካገኘውማ ይጠረጥራል» ይለናል። ተኳሽ ሌላ ሰው ሆነ። ቀና ብሎ መሄድ፣ በየጠዋቱ ተላጭቶ መምጣት፣ አለቃውን ቀድሞ ሰላም ማለት ጀመረ። ካውያውም ተመለሰለት። ከዚያ አንድ ሰኞ ወደ መኪናዬ ጠጋ ብሎ፣ «ሄድኩ» አለኝ እያንሾካሾከ።

«የት?»

«እማዬ ጋ። ትናንት ጠዋት። ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ያቺን ቢጫ ሻርፗን አድርጋ። አላየችኝም እንጂ ፈገግ ብላለች።»

«ደስ ይላል ጋሼ» አልኩት።

በየሰኞው ይነግረኛል፣ በየእሑዱ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የእረፍት ተራው ሲደርስ አልሄድም አለ። «ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ወገቤ ለምን ይቆረጣል? በየሳምንቱ አያት የለም እንዴ?» ተራውን ለማሽነኛው ሰጠው። ማሽነኛው የወንድሙ ሠርግ ደርሶበት እረፍት አጥቶ ነበርና አቅፎ ሳመው። ወደ እኔም ዞሮ፣ «አየሽ፣ ትምህርት ሁሌም ይጠቅማል» አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቱ ደወለች። ተኳሽ እጁ ካውያ ላይ ስለነበረ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፈተው፤ ሁላችንም ሰማን።

«አንተ፣ እማዬ ጥሩ አይደለችም። ና።»

«ምን ሆና?»

«ምን እንደሆነች እኔ ምን አውቃለሁ? እህል እምቢ ብላለች። ካልጋ አትወርድም። አንተን አንተን ትላለች።»

ተኳሽ ካውያውን አቆመ። አልደነገጠም፤ እንዲያውም ፈገግ አለ። «እታለም፣ ትናንት አይቻታለሁ። ደጅ ተቀምጣለች። ደህና ናት።»

«የት አየሃት?»

«መጥቼ ነዋ።»

ከዚያ ተኳሽ ሁሉንም አስረዳት፤ መጋደሙን፣ ንዝረቱን፣ ገመዱን፣ ቁም ሳጥኑን። እንደ አዋቂ፣ ረጋ ብሎ። ማሽነኛው ሳቁ እንዳያመልጠው ፎጣ ነክሶ ነበር።

«ጠጥተሃል?» አለችው እህቱ።

«መጠጥ እንደማልቀምስ ታውቂያለሽ። ይልቅ አንቺ ደክሞሽ ከሆነ ደክሞኛል በይ። እኔ ላይ ልትጥያት ፈልገሽ ከሆነ በበሽታ አታመካኚ።»

ስትመልስለት ድምፅዋ ቀዝቅዟል። «እሺ። በየእሑዱ እየመጣህ አጠገቧ እንደምትቆም እነግርልሃለሁ።»

«ንገሪያት» አላት ከልቡ። «ደስ ይላታል።»

በሳምንቱ ደግማ ደወለች፤ እንደዚያው ብሎ መለሳት። ያን ጊዜ ከመኪናዬ ተነሳሁና ማሽነኛውን ማድረቂያው ጋ አገኘሁት። «እንንገረው» አልኩት። «እናቱ እየሞቱ ነው።»

«አሁን?» አለ። «ከነገ ወዲያ ለሠርጉ ልሄድ? እረፍቱን ቢመልስብኝስ?» ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ደግሞ ክዳኑን ማን አወረደው ልትይው ነው?» አለኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። መርፌዬን አፌ ውስጥ አደረግኩ። መርፌ የያዘ አፍ አይናገርም።

ሦስተኛው ስልክ ከወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። «ሞታለች» አለችው እህቱ።

ተኳሽ ሳቀ። «እሑድ አይቻታለሁ እኮ» አላት።

ስልኩን የእህቱ ባል ተቀበለ። «ወንድሜ፣ ቅዳሜ ነው ያረፉት» አለው። «ትናንት ቀበርናቸው። እንጠብቀው ብንላት እምቢ አለች።»

አለቃችን ብቻውን አይሂድ ብሎ እኔን አብሬው እንድሄድ አዘዘኝ። በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ደብተሩን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ። አሥራ ሦስት እሑድ ተጽፎበታል፣ በዚያ እንደ ሸሚዝ እጥፋት በቀና ጽሑፉ። «የሆነ ስህተት አለ» ይለኛል በየጊዜው። «ቀን ተምታቶባቸው ይሆናል።» እነግረዋለሁ እያልኩ አንድ ከተማ አለፈ፣ ሁለት ከተማ አለፈ፣ ደረስን።

እህቱ በሩን ስትከፍት ዓይኗ ደረቅ ነበር። አልሳመችውም። ቀጥታ ወደ እናታቸው ክፍል አስገባችን። ፍራሹ ተገልብጦ ግድግዳ ተደግፏል፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ከአልጋው ራስጌ አንድ የእንጨት ወንበር አለ። ተኳሽ ቆሞ ደብተሩን ገለጠ።

«እሑድ» ብሎ አነበበ። «እማዬ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ቢጫ ሻርፕ...»

«ፀሐይ ካየች ሦስት ወሯ ነው» አለች እህቱ። «ሻርፗን ባለፈው ክረምት መወልወያ አድርጌዋለሁ።»

ደብተሩን አጠፈው።

«ያ ወንበር ያንተ ነው» አለችው። «ንገሪያት አልከኝ፣ ነገርኳት። በንዴት ነው የነገርኳት፣ ትስቅብሃለች ብዬ። ጆሮዋ ሥር ጮኬ፣ 'ልጅሽ ነፍሱን እየላከልሽ ነው፣ እሑድ እሑድ እዚህ ይቆማል' አልኳት። አልሳቀችም። 'ለምን ይቆማል፣ ወንበር አምጪለት' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ፊቴን እጠቢኝ፣ ፀጉሬን አበጥሪኝ ትላለች። ከዚያ እስከ ቀትር ድረስ ከወንበሩ ጋር ስታወራ ነው።»

ተኳሽ ወንበሩን አየው።

«አንድ ቀን፣ 'ይመልስልሻል እንዴ?' አልኳት። 'መመለሱማ ይመልሳል' አለችኝ። 'ጆሮዬ ነው እንጂ።'»

ተኳሽ ሲናገር ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «ምን አለችኝ? እታለም፣ ምን ምን አለችኝ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለችው። «አንተ እዚህ አልነበርክም እንዴ? ወንበሩ ላይ አልተቀመጥክም? አንተ ንገረኝ እንጂ።»

አፉን ከፈተ። ወደ አልጋው አየ፣ ወደ ወንበሩ አየ።

«ቀጥል» አለችው። «ጽፈኸው የለ? አንብብልኝ።»

ወጥቶ ግቢው አጥር ሥር ቁጭ አለ። ማንም አልተከተለውም።

ወደ ማታ እኔና እህቱ ጓሮ ዕቃ ስናጥብ፣ ሳልጠይቃት፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ ነገረችኝ። «ምን ታወራዋለች መሰለሽ? ተራ ወሬ። የጎረቤት ዶሮ ጎመኗን እንደጫረባት። ጉልበቷ የት የት ጋ እንደሚያማት። እኔ ምግብ ላይ ጨው እንደማበዛ። እየጮኸች ነው ደግሞ የምታወራው፣ ለራሷ ስለማይሰማት፤ እኔ እንደማልሰማ መስሏት። መጨረሻው ግን ሁሌ አንድ ነው። 'ልጄ፣ በሚቀጥለው እሑድ ግን በእግርህ ና' ትለዋለች። 'እጅህን ልያዘው።'»

«ለምን አትነግሪውም?» አልኳት።

«ሁለት ጊዜ ለመንኩት፤ ልትጥያት ነው አለኝ። ሃያ ዓመት ያጠብኳትን። ከእኔ አፍ አይሰማትም፤ ይቃጠል። አንቺ ከፈለግሽ ንገሪው።»

በማግስቱ ስንመለስ አውቶቡሱ ከከተማ ሳይወጣ ጀመርኩ። ማሽነኛውን፣ ትምህርቱ ለሳቅ እንደተጫነለት፣ ፈተናውን፣ ሁሉንም አወጣሁት። እያለቀስኩ ነበር፤ እሱ አያለቅስም።

«ሁሉም?» አለኝ።

«ሁሉም።»

«የመጀመሪያውስ? ክዳኑ?»

«ሽርጤ ውስጥ ነበር ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ብዙ ጊዜ ነቀነቀው፣ ሒሳብ እንደገባው ተማሪ። ያጽናናዋል ብዬ፣ እህቱ የነገረችኝን ጨመርኩለት፤ ዶሮውን፣ ጉልበቱን፣ ጨውን፣ በእግርህ ና ማለታቸውን፣ እጅህን ልያዘው ማለታቸውን። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

«ይሄንንስ ከየት አወረድሽው?» አለኝ።

«ጋሼ ሙት፣ እውነቴን ነው። እህትህ ናት...»

«እንዴት አድርገሽ ትችይበታለሽ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ጥሩ የተሠራ ስፌት እንደሚያይ ሰው ነው ያለው። ተነስቶ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደብተሩ ከእኔ ጎን ቀረ፤ ስንወርድም አላነሳውም።

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ማሽነኛው አለቃ ሆኗል። ትምህርቱን የጫነለት እሱ መሆኑን እንኳ ረስቶታል፤ ነገሩን ሳነሳበት «ኧረ እኔ ነኝ?» ይለኛል፣ የማስመሰል አይመስለኝም። ተኳሽ መጋደሙን ተወ። ምሳውን ቆሞ ይበላል። እኔን የሚያናግረኝ ለሥራ ብቻ ነው፤ «ቁልፍ ጎድሎታል» ብሎ ሸሚዙን ያስቀምጣል፣ ተክዬ ስሰጠው «አመሰግናለሁ» ይላል። ሌላ ቃል የለም። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

በየዓመቱ የእረፍት ተራው ሲደርስ አንድም ቀን ሳያሳልፍ እህቱ ጋ ይሄዳል። የእህቱ ባል አንዳንዴ ይደውልልኛልና የሚሆነውን ሁሉ አውቃለሁ። ይደርሳል፣ ያጎርሱታል፣ ያሳድሩታል፣ ክፉ አያናግሩትም። ሊመለስ ሲነሳ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እታለም፣ ምን አለችኝ?» ይላታል። እሷም፣ «አንተ አልነበርክም እንዴ?» ብላ ትመልስለታለች። ይሰነባበታሉ፣ ይሄዳል። ስምንት ዓመት እንዲህ ሆነ። እኔ ደውዬ ለመንኳት፤ «አንቺ ንገሪው አላልኩሽም?» አለችኝ። አላመነኝም ስላት፣ «እሱ እንግዲህ የአንቺ ጉዳይ ነው» ብላ ዘጋችው።

ዘንድሮም ሄደ። እህቱ አርጅታለች፤ የምድጃው እሳት እየነደደ ትረሳለች፣ የባሏን ስም ከወንድሟ ስም ጋር ታደባልቃለች። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ ሲጠይቃት ግን ልቧ ራርቶ ነበር አለኝ ባልየው። ልትነግረው ፈልጋ እጁን ያዘችው። ቆማ ብዙ አሰበች።

«አንድ ነገር ነበር» አለችው። «ጠፍቶብኛል። የዶሮ ነገር ነው መሰለኝ።»

የዶሮውን ነገር ከዚያ በፊት የሰማው ከእኔ ብቻ ነው፣ አውቶቡሱ ውስጥ።

ትናንት ከእረፍቱ ተመልሶ ሥራ ገባ። «እንደምን አደራችሁ» አለን። ሽርጡን አሰረ፣ ካውያውን ሰካ፣ እስኪግል ጠበቀ።